ስም የለሽ ጀርባ፦ የአንድ የደሴ ደራሲ መደርደሪያ ፍለጋ

መጽሐፉን የተየብኩት እኔ ነኝ። ሽፋኑንም ያቀናበርኩት እኔው። ስለዚህ ከዚህ በታች ጥፋት ሲቆጠር የእኔም ድርሻ አለበት። እንዲያውም ትልቁን ጥፋት የሠራሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ባለመጽሐፉ ደሴ ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ አማርኛ አስተምረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። እኔንም አስተምረውኛል። ስሜን አትጥቀስ ስላሉኝ አልጠቅስም፤ ርዕሱንም እንደዚያው። "ቲቸር" እያልኩ እቀጥላለሁ። ፀጉራቸው ከሸበተ በኋላም የምንጠራቸው እንደዚያ ነው።

መጽሐፉ ስለ ተከራይ ተማሪ ነው። ከደላንታ፣ ከወረኢሉ፣ ከቦረና ለትምህርት ደሴ መጥቶ፣ ለሦስት ለአራት ሆኖ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ፣ ከቤት በመጣ ድርቆሽና በሶ ወሩን ስለሚገፋ ልጅ። "መብራት አጥፉ" እያሉ ግድግዳ ስለሚደበድቡ አከራይ። ስንቅ የሚያመጣው ሰው ሲዘገይ ሰኞ ገበያ ወርዶ የአገሩን ሰው ፊት ስለ መፈለግ። ከገጠር መጥቶ የተማረ ወሎዬ ሁሉ ይህን ኑሮ ያውቀዋል። በ128 ገጽ አለቀ።

የታተመው አዲስ አበባ ነው። በኦፍሴት ማተሚያ አንድ ቅጂ ከመውጣቱ በፊት ፕሌት (ገጹ የሚቀረጽበት የማተሚያ ሳህን) ይሠራል፣ ማሽን ይዘጋጃል። 200 አሳተምክ 1000፣ ይህ ወጪ ያው ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ወጪው በጥቂት ቅጂ ላይ ይወድቅና እያንዳንዱን ያስወድደዋል። ቲቸር ሊያሳትሙ ያሰቡት 300 ነበር። ሒሳቡን ሲሰሙ 1000 አሉ። አንዱ 90 ብር፣ ጠቅላላ 90,000 ብር። ግማሹ ቀብድ። ከዕቁብ የወጣ ገንዘብ ነው። የሽፋን ዋጋውን 200 ብር አደረግነው። ከብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት በ978-99944 የሚጀምረውን መለያ ቁጥር አወጣን። ባርኮዱን የኋላ ሽፋኑ ላይ ሳስቀምጥ ደረቴን ነፍቼ ነበር። ደሴ ላይ መጽሐፍ በባርኮድ የሚሸጥ ሱቅ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ጥር 2015 ላይ መጽሐፉ ከማተሚያ ቤት ወጣ። 600ውን እዚያው አዲስ አበባ ላንድ አከፋፋይ አስረከብን። 400ውን በስምንት ካርቶን አድርገን ከላምበረት መናኸሪያ አውቶቡስ ላይ ጫንን። ጣርማበርን አልፎ፣ ሸዋ ሮቢትን፣ ከሚሴን፣ ኮምቦልቻን አልፎ፣ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ገባ። 400 ኪሎ ሜትር ነው። ሾፌሩ ካርቶኖቹን ጣራ ላይ አስሮ ሸራ አለበሰልን። አንዱ ካርቶን ግን ጥጉ ተደፍጥጦ ነበር፤ ስድስት መጻሕፍት ጆሯቸው ታጥፎ ወረዱ። ቲቸር አንድ በአንድ እያነሱ በመዳፋቸው ለማቃናት ሲሞክሩ አየሁና ዞር አልኩ።

ወደ ሒሳቡ ልግባ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነውና።

አከፋፋዩ የጠየቀው 40 በመቶ ነው። ከ200 ብር ላይ 80 ብር። ለቲቸር 120 ይቀራል። 90ው የማተሚያ ስለሆነ ትርፉ 30 ብር ነው፤ ያውም ከተሸጠ። ሰው 40 በመቶ ሲባል ይደነግጣል። አከፋፋዩ ግን ሁሉንም አይበላውም። ከ40ው ላይ 25 ገደማውን ለክፍለ ሀገር መደብር ይለቃል፤ የራሱ 15 ነው። ደሴ ያለ ባለመደብር ከእሱ ሲያስመጣ ታዲያ በአንዱ መጽሐፍ የሚያገኘው 50 ብር ነው። ከዚያ ላይ የጭነት ይከፍላል። አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡን አስቀድሞ ይልካል። ባልተሸጠው ራሱ ያዝናል። እንዲህ ያለው ነጋዴ ስሙን ያልሰማውን ደራሲ ለምን ብሎ ያስመጣል? አያስመጣም። አዲስ አበባ ላይ ስም ያወጣውን ያስመጣል።

ስለዚህ የደሴ ሰው ስለ ደሴ ጽፎ አዲስ አበባ አሳትሞ፣ መጽሐፉ አዲስ አበባ መጋዘን ይቀመጣል። ደሴ ያለው አንባቢ አያገኘውም። ይህን በዓይኔ ያየሁት የካቲት ላይ ነው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ መደብር ከዚያው አከፋፋይ ሌሎች መጻሕፍት አዝዞ ነበር። እሽጉ ሲፈታ ከመሃል ሁለት የቲቸር መጽሐፍ ወጣ። አከፋፋዩ ለሙከራ ጨምሮት ነው። ባለመደብሩ የጭነት ከፍሎባቸዋል። የቲቸር ቤት ደግሞ ከዚያ ሱቅ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም፤ አልጋቸው ሥር ስድስት ካርቶን ተደርድሯል።

ምረቃውን በአጭሩ ልለፈው። አዳራሽ ተገኘ፣ ሰው መጣ፣ ግጥም ተነበበ፣ ዳቦ ተቆረሰ። 64 ቅጂ ተሸጠ። 40 ቅጂ በነጻ ተሰጠ። በነጻ የወሰዱት የፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ናቸው፤ የከፈሉት ከኋላ የቆሙት። ቡናው፣ ለስላሳው፣ የድምፅ ማጉያ ኪራዩ ከሽያጩ ከግማሽ በላይ በላ። ምረቃ ለደራሲው ደስታ ነው፤ እሱን አልነቅፍም። ለመጽሐፉ ሽያጭ ግን ያንድ ቀን ነገር ነው።

ከምረቃው በኋላ ለሁለት መደብር ሰላሳ ሰላሳ ቅጂ በአደራ ሰጠን። ወረቀት ላይ ቁጥሩን ጽፈን ተፈራረምንና ወጣን። ተመልሰን የሄድነው ከሁለት ወር በላይ ቆይተን ነው። ከ60ው የተሸጠው ሦስት ብቻ ነበር።

ቲቸር ምንም አላሉም። መንገድ ላይ "ጾሙ ነው" አሉኝ። እውነት አላቸው፣ በከፊል። በ2015 ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተገጣጥመው ነበር። ፋሲካ ሚያዝያ 8፣ ዒድ ሚያዝያ 13 ነው የዋለው፤ በአምስት ቀን ልዩነት። በደሴ እንዲህ ሲሆን ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቃል። ጎረቤቱ ሁሉ ይጾማል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ያፈጥራል፣ ብር ሁሉ ወደ በግና ወደ ቅቤ ይሄዳል። በዚያ ሰሞን መጽሐፍ የሚገዛ ማን አለ።

ጾሙ ግን ሁሉንም አያስረዳም። ከሁለቱ መደብሮች አንደኛው ውስጥ ቆሜ መጽሐፉን ራሴ ፈለግሁት። አጣሁት። ሻጯን ልጅ ጠየቅኋት። ቀጥታ ሄዳ ከሁለተኛው መደርደሪያ ላይ መዘዘችው። ፊቴ ነበር። ያላየሁት በጀርባው፣ ገጾቹ በሚጠረዙበት ጠባብ ጎን፣ ስለተሰደረ ነው። ጀርባው ደግሞ ነጭ ነው፤ አንድ ፊደል የለበትም።

ይኼ ነው የእኔ ጥፋት። 128 ገጽ ማለት 64 ቅጠል ነው። ውፍረቱ ስድስት ሚሊ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ሽፋኑን ሳቀናብር ጀርባው ላይ ርዕስ ልጽፍ አስቤ ነበር። ጥረዛ ላይ ሽፋኑ አንድ ሚሊ ሜትር ቢንሸራተት ጽሑፉ ወደ ፊት ገጽ ይዞራል፣ ይበላሻል ብዬ ተውኩት። ንጹሕ ይሁን አልኩ። ኮምፒውተር ላይ ሲታይ በእርግጥ ንጹሕ ነው። መደርደሪያ ላይ ግን ደብተር ይመስላል። በአነስተኛ ፊደል ቢጻፍ ይበቃው ነበር፤ ቢንሸራተትም ከባዶ ይሻል ነበር። መጽሐፍ መደብር ውስጥ ከመቶው መጽሐፍ ፊቱን ይዞ የሚቀመጠው ጥቂቱ ነው። የቀረው የሚታወቀው በጀርባው ነው።

ለቲቸር ስነግራቸው ሳቁ። "ሠላሳ ዓመት ስማችሁን ደብተራችሁ ላይ ጻፉ እያልኩ ነው ያስተማርኳችሁ" አሉኝ።

የመፍትሔ ምሽቱ የዋለው እሳቸው ቤት ነው። ርዕሱንና ስማቸውን በቀጭን ወረቀት አተምኩ፤ በመቁረጫ ቆረጥነው፤ በኮላ ጀርባው ላይ እየለጠፍን ሄድን። እትዬ ቡና አፈሉልን፤ ሦስተኛው ላይ ስንደርስ 90 ለጥፈናል። በማግስቱ ጠዋት ግማሹ ተላቆ አገኘነው። ኮላው ቀጥኖ ይሁን፣ የጦሳ ተራራ ጉም ቤት ድረስ ገብቶ ያርጥበው፣ አላውቅም። እንደገና በግልጽ ፕላስተር ከላይ ሸፍነን ለጠፍነው። አያምርም። ይነበባል ግን።

ሁለተኛው ትምህርት የመጣው ከአንድ ሐጂ ነው። ቆየት ያለ መደብር አላቸው፤ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ የሃይማኖት መጽሐፍ፣ ልብ ወለድ። በ2014 ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ከተማዋ በጦርነቱ ስትያዝ ዕቃቸው ሁሉ ሄዷል። ሲመለሱ ያገኙት መደርደሪያውን ብቻ ነው። እንደገና የሞሉት በዱቤ ነው። ገና በመጀመሪያው ዙር፣ የካቲት ላይ፣ መጽሐፉን አንቀበልም ብለውን ነበር። ቲቸር ከፍቷቸው ሰንብተዋል። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ድጋሚ ሄድን።

"አብሽር መምህር" አሉ ሐጂ፣ "መጽሐፉን ጠልቼው አይደለም። እኔ የጠላሁት ጭቅጭቁን ነው።"

ከዚያ ከጠረጴዛቸው ሥር አንድ ካርቶን ጎትተው አሳዩን። ውስጡ የአካባቢ ደራሲዎች መጽሐፍ ነው፤ ግጥም፣ ታሪክ፣ ተረት። አቧራ ጠጥቶ ብጫ ሆኗል። ሁሉም አንድ ዓይነት ታሪክ አለው። ደራሲው 50 ቅጂ አምጥቶ ይጥላል። ይሄዳል። ዓመት፣ ሁለት ዓመት ድምፁ ይጠፋል። አንድ ቀን ይመጣና "ሒሳቤን" ይላል። የተረከበው ልጅ ሥራ ለቋል፣ ወረቀቱ የለም፣ ስንት እንደተሸጠ የሚያውቅ የለም። 12 ነው ይላሉ ሐጂ፤ 30 ነው ይላል ደራሲው። ጸብ። "ለ60 ብር ኮሚሽን ከሰው ጋር አልጣላም" አሉ። "ደብተር እንደዚህ አያደርገኝም። ደብተር ጌታ የለውም።"

በሕይወቴ ስለ መጽሐፍ ንግድ ከሰማሁት ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። እኛ መደርደሪያው የተከለከልነው ስም ስለሌለን፣ ወይም ክፍለ ሀገር ስለሆንን መስሎን ነበር። ቅሬታችንን ቡና ላይ ስንት ቀን አውርተነዋል። ነጋዴው ግን የመጽሐፉን ጥሩነት አልመዘነም። የመዘነው የእኛን ጣጣ ነው።

ቲቸር ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና "አምስት ብቻ ልተውልዎት" አሉ። "አምስት። በየሳምንቱ ሰኞ ለገበያ ስወጣ አልፋለሁ። ከተሸጠ ያኔውኑ እንተሳሰባለን፣ ጎደሎውን እሞላለሁ። በሦስት ወር ካልተሸጠ ይዤ እሄዳለሁ።"

ሐጂ ተቀበሉ።

ቲቸር ማለት የክፍል ስም መጥሪያ ሳያዛባ ሠላሳ ዓመት የያዘ ሰው ነው። ደብተር ገዙ። ለእያንዳንዱ ሱቅ አንድ ገጽ። ቀን፣ የተሰጠ፣ የተሸጠ፣ የተከፈለ፣ ፊርማ። ከሥሩ ካርቦን አድርገው ቅጂውን ለባለሱቁ ይተዋሉ። ኮሚሽኑን 30 በመቶ አደረጉት። ይኸውም ለባለሱቁ 60 ብር ነው፤ ከአዲስ አበባ ቢያስመጣ ከሚያገኘው በ10 ብር ይበልጣል፣ ጭነት የለበትም፣ ቅድሚያ ክፍያ የለበትም። ለቲቸር 140 ይገባል፤ ከአከፋፋዩ በ20 ብር ይበልጣል። ሁለቱም ያተርፋሉ። ይህን ሒሳብ ጥር ላይ ብናስበው ኖሮ ያን ሁሉ ቅጂ አዲስ አበባ አንተውም ነበር። ግን ሁሉም ደራሲ እዚያ ነው የሚሰጠው፤ እኛም ሰጠን።

በስድስት ሱቅ ጀመሩ። ሁለቱ መጽሐፍ መደብር አይደሉም። አንዱ መናኸሪያ አጠገብ ውሃና ብስኩት፣ ጋዜጣና የስልክ ካርድ የሚሸጥ ልጅ ነው። ይህን ሐሳብ ያመጡት ራሳቸው ቲቸር ናቸው፤ "የእኔ ልጆች ያሉት መናኸሪያ ነው" ብለው። እውነትም የመጽሐፉ ሰው እዚያ ነው ያለው። ወደ ወረኢሉ፣ ወደ ደላንታ የሚሳፈር ሰው፣ ድሮ ስንቁን ይዞ በዚያው መንገድ የመጣው ነው። ልጁ መደርደሪያ ስለሌለው መጽሐፉን ብስኩቱ ላይ ደገፍ አድርጎ ፊቱን ያሳየዋል። ጀርባ የለ፣ ፕላስተር የለ። ከስድስቱ ሱቅ ከሁሉም ይበልጥ የሸጠው እሱ ነው፤ ከግንቦት እስከ ሐምሌ መጨረሻ 41 ቅጂ። ሐጂ 29 ሸጡ። አንዱ መደብር ሁለት ብቻ ሸጠ፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባንም፣ ቦታው ጥሩ ነበር። ስድስቱ ተደምረው 118።

ሌላው መንገድ የድሮ ተማሪዎች ናቸው። ይሄ የታሰበበት አይደለም። ከደሴ ወልዲያ ሚኒባስ የሚነዳ አንድ ልጅ፣ የ1990ዎቹ ተማሪ፣ ቲቸርን መንገድ ላይ አይቶ ቆመ። አሥር ቅጂ ይዞ ሄደ፤ በሳምንቱ ገንዘቡን በቴሌብር ላከ። ኮሚሽን እንኳ አልወሰደም። ከዚያ ኮምቦልቻ ያለችው ነርስ ወሰደች። ሐይቅ ያለው የባንክ ሠራተኛ ወሰደ። እንዲህ እንዲህ እያለ 61 ቅጂ በሙሉ ዋጋ ተሸጠ።

ይህን ሳይ ትዝ ያለኝ የወሎ የድሮ ነገር ነው። የወሎ ዑለማ መንዙማውን በዐረብኛ ፊደል፣ በአማርኛ ቃል ሲጽፉት ማተሚያም መደብርም አልነበረም። ደረሳው፣ ማለት ተማሪው፣ በእጁ ይገለብጠዋል፣ አገሩ ይዞት ይገባል፣ እዚያ ሌላው ይገለብጠዋል። ሐይቅ እስጢፋኖስም ከ13ኛው መቶ ዘመን ከአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ጀምሮ መጽሐፍ ሲሰበስብና ሲያስገለብጥ የኖረ ገዳም ነው። መጽሐፉ ከመምህር ወደ ተማሪ፣ ከተማሪ ወደ አገሩ ነበር የሚሄደው። የቲቸር 61 ቅጂም የሄደው በዚሁ ነው፤ ልዩነቱ ሚኒባስ መኖሩ ነው። ግን ነገሩን ማስዋብ አልፈልግም። ሁሉም ደራሲ ሠላሳ ዓመት ያስተማረው ተማሪ የለውም። ለሌላ ሰው ይህን መንገድ አልመክርም፤ የመተሳሰቢያ ደብተሩን ግን እመክራለሁ።

አሁን ወደ አዲስ አበባዎቹ 600 ልመለስ። በስድስት ወር 70 ተሸጠ ተባልን። 35ቱን ከፈሉን፤ 4,200 ብር። የቀረውን በሚቀጥለው ወር፣ ከዚያም በሚቀጥለው። ስልኩ ሲነሳ ትሁት ናቸው፣ አይሰድቡም፣ አይክዱም። "እንልካለን ጋሼ።" ክፋት አይመስለኝም። የራሳቸውም ገንዘብ በየከተማው አስቀድመው ባልከፈሉ ሱቆች እጅ ነው፤ ሱቆቹ ሲከፍሏቸው ነው የሚከፍሉት። በዚህ ሰንሰለት መጨረሻ ላይ የሚቆመው ደራሲው ነው፤ መጀመሪያ ላይ ከፋዩም እሱ። ሐምሌ ላይ የሚኒባሱ ሾፌር ልጅ አዲስ አበባ ሲደርስ 300 ቅጂ ተረክቦ እንዲመለስ አደረግን። ሲያስረክቡት ማንም አልተከራከረም። ደስ ያላቸውም መሰለኝ፤ ቦታ ለቀቀላቸው።

እስከ ሐምሌ 30 ያለውን የቲቸር ደብተር እንዳለ ላስቀምጠው። ከምረቃው 12,800 ብር። ከደሴ ሱቆች፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ተጨምረው፣ 121 ቅጂ በ140፣ 16,940 ብር። ከተማሪዎች 12,200 ብር። ከአከፋፋዩ 4,200 ብር። ድምር 46,140 ብር። ማተሚያው 90,000 ነበር። የምረቃው ወጪ፣ ጭነቱ፣ የቲቸር ጫማ አልተቆጠረም። በስድስት ወር ከማተሚያው ወጪ ግማሹን ትንሽ አለፍ ብሎ ተመልሷል ማለት ነው። ይህን የሚሰማ ሰው ኪሳራ ነው ይላል። ነው። ሆኖም ከዚህ ውስጥ ወደ 29,000 ብር የሚጠጋው ከደሴ ሱቆችና ከተማሪዎች ከግንቦት ወዲህ በሦስት ወር የገባ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው፣ ምረቃው ሲቀነስ፣ ሦስት መጽሐፍ ነው።

አንድ ነገር ግን አልተሳካም፤ ሳልናገረው ማለፍ አልወድም። ወልዲያ ላይ ሱቅ ልናስገባ ሞክረን ነበር። ከደሴ 120 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቲቸር በየሰኞው አይደርሱም። ሾፌሩ ልጅ ሒሳብ ይይዝልናል ብለን አምስት ቅጂ ለሁለት ሱቅ አስረከብን። ልጁ መንገዱ ሲቀየርበት ተረሳ። መጽሐፉም ሒሳቡም እዚያው አለ። ሐጂ የነገሩን ጣጣ ማለት ይኸው ነው፤ በሌላ ሰው ሱቅ ውስጥ አሁን እኛው ሠርተነዋል። ቲቸር ይህን ሲያስቡ ያፍራሉ። ራሳቸው ወልዲያ ሄደው ሊተሳሰቡ ይፈልጋሉ፤ ዝናቡ ጋብ ሲል።

ባለፈው ሰኞ እኔ ቤት መጡ። እርጥብ ጃንጥላቸውን በር ላይ አቁመው ደብተሩን ከፌስታል አወጡ። ማተሚያ ቤት ደውለው ዋጋ ጠይቀዋል፤ ሁለተኛ መጽሐፍ አላቸው፣ ስለ አከራዮቹ። ወረቀት ጨምሯል፣ የአሁኑ ዋጋ 90 አይደለም። ስንት እንደሆነ አልነገሩኝም፤ ፊታቸው ግን ነገረኝ። 500 ብቻ ላሳትም ይሆን አሉ፤ ፕሌቱ ያው ነው አልኳቸው። አውቃለሁ አሉ።

ከዚያ መነጽራቸውን አደረጉና ስንት ገጽ እንደሚመጣ ጠየቁኝ። 160 ገደማ አልኩ።

"ጀርባው ስንት ሚሊ ሜትር ይሆናል?"

ስምንት አልኳቸው። ደብተሩ ላይ ጻፉት።